ወንድሜ ሲጋራ እንዲያቆም የሚረዳ አፕ የምታውቁ?

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ የሚባል ከባድ የአእምሮ ሕመም አለበት። አሁን ደህና ነው፤ ኦላንዛፒን የሚባለውን መድኃኒቱን ማታ ማታ በሰዓቱ ይወስዳል። ሲጋራው ግን አልለቀቀውም፣ በቀን አንድ ፓኮ ይጨርሳል። የጣቶቹ ጫፍ ቢጫ ሆኗል። ባለፈው ወር ራሱ መጥቶ "እትዬ፣ ማቆም እፈልጋለሁ፣ እርጂኝ" አለኝ። ደስታዬን አልነግራችሁም።

ስልኩ ላይ ማጨስ ማቆሚያ አፕ ጫንኩለት። እንግሊዝኛ ነው፣ ጽሑፉም ይበዛል። ከሁሉ የባሰው ግን ማሳሰቢያው ነው። ልክ ሊለኩስ ሲል ስልኩ ጮኸ። "እያዩኝ ነው!" ብሎ ደንግጦ አጠፋው። ሁለት ቀን ስልኩን አልነካም። አስቀድሜ ድምፁን መዝጋት ነበረብኝ።

አሜሪካ ውስጥ ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ተብሎ የተሠራ "ለርን ቱ ኩዊት" የሚባል አፕ አለ። በአማርኛስ? በሥዕል ወይም በድምፅ የሚሠራ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ቤተሰባችሁን የረዳችሁስ? በቀን ስንቴ ላካችሁ? ምን ብላችሁ?

የሲጋራ ጭስ ኦላንዛፒንን ከሰውነት ቶሎ ያስወጣል። ሲያቆም መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ሊጨምር ስለሚችል ሐኪሙን ሳናማክር ቀን አንቆርጥም። ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ ምን ላዘጋጅ?