መሬት ወደ ፀሐይ በምትቀርብበት ወር ሰሜኑ ለምን ይበርዳል?

ጥያቄ፦ አድማስ

ሰላም ለውይይቱ ተሳታፊዎች። መሬት ፀሐይን የምትዞርበት ምህዋር ፍጹም ክብ ባለመሆኑ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ከፀሐይ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል፣ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል እንደምትርቅ አነበብሁ። ይሁን እንጂ ታኅሣሥ በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ቅዝቃዜው፣ በደቡባዊው ደግሞ ሙቀቱ የሚበረታበት ወር ነው። ወቅቶችን የሚፈጥረው ርቀት ሳይሆን የመሬት ዛቢያ መዘንበል እንደሆነ ተምሬአለሁ፤ ይህን አልከራከርም። ግልጽ ያልሆኑልኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። ያዘነበለው ንፍቀ ክበብ የሚሞቀው ወደ ፀሐይ ስለቀረበ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት? የርቀቱ ልዩነትስ አንዳች ውጤት ካለው፣ የደቡቡ ሞቃት ወቅት ከሰሜኑ የባሰ የሚያቃጥል፣ ቀዝቃዛው ወቅትም የባሰ የሚበርድ መሆን አልነበረበትም?

መልስ፦ ሰማይ ተመልካች

የመጀመሪያውን ጥያቄ ልመልስ። መቅረብ አይደለም። የመላዋ መሬት ስፋት ከዳር እስከ ዳር 12,700 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህ ከፀሐይ ካለን ርቀት አንድ አሥር ሺህኛውን እንኳ አይሞላም።

ዛቢያው ከምህዋሩ ጠለል ቀጥ ብሎ ከሚቆም መስመር 23.4 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ ዓመቱን ሙሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜን ኮከብ አካባቢ፣ እንደጠቆመ ይኖራል። ብዙ ጊዜ ተዘልሎ የሚታለፈው ይህ አቅጣጫ አለመለወጡ ነው። በሰኔ የሰሜን ዋልታ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፤ ከስድስት ወር በኋላ መሬት በፀሐይ ማዶ ስትገኝ፣ ያው ዛቢያ ምንም ሳይነቃነቅ ሰሜኑን ከፀሐይ አርቆ ደቡቡን ወደ እርሷ ያዘነብለዋል።

ውጤቱን በ40 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ይመልከቱት። በሰኔ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ 73 ዲግሪ ከፍ ትላለች፤ በታኅሣሥ 12 ገደማ ግን ከ27 ዲግሪ አታልፍም። ያው ጨረር ተጋድሞ ሲመጣ በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበተን፣ ያ መሬት በእኩለ ቀን የሚያገኘው ኃይል ከግማሽ በታች ይወርዳል። በዚህ ላይ ብርሃኑ የሚቆይበት ጊዜ ከ15 ሰዓት ወደ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ያጥራል። ለ40 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ ወራቱን ማገላበጥ ብቻ ይበቃል።

መልስ፦ የምህዋር ወዳጅ

ሁለተኛው ጥያቄዎ የበለጠ የሚያወያይ ነው። የርቀቱ ልዩነት ውጤት አለው። የጨረር ጥንካሬ በርቀቱ ስኩዌር ልክ ስለሚቀንስ፣ ከ3 በመቶ ጥቂት የሚበልጥ የርቀት ልዩነት 7 በመቶ ያህል የኃይል ልዩነት ያስከትላል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ፣ እርስዎ እንደገመቱት የደቡቡ ወቅቶች የከረሩ በሆኑ ነበር።

ነገር ግን ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1609 ባሳተመው ሕግ እንደተገለጸው፣ ፕላኔት ወደ ፀሐይ ስትቀርብ ትፈጥናለች። ስለዚህ ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት የመጋቢት ቀን እስከ መስከረሙ ድረስ 186 ቀናት ገደማ ሲወስድ፣ ቀሪው የዓመቱ ክፍል 179 ቀናት ብቻ ይፈጃል። የደቡቡ ሞቃት ግማሽ ዓመት ጨረሩ የበረታ፣ ዕድሜው ግን ያጠረ ነው፤ የሚገርመው፣ ሁለቱ ልክ ለልክ ስለሚካካሱ እያንዳንዱ ንፍቀ ክበብ በሞቃቱ ግማሽ ዓመቱ የሚቀበለው ጠቅላላ ኃይል እኩል መሆኑ ነው።

በእኔ አስተያየት ግን ዋናው ባሕር ነው። ከሰሜኑ ንፍቀ ክበብ 40 በመቶ የሚጠጋው የብስ ሲሆን፣ በደቡቡ የየብስ ድርሻ 20 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ውኃ ለመሞቅ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ ማዕበልና ነፋስም ሙቀቱን ወደ ታች ስለሚያደባልቁት ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይበርዳል። የብስ ግን ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በሳይቤሪያ የምትገኘው ቬርኮያንስክ ከዜሮ በታች 67.8 ዲግሪ ሴልሺየስም፣ 38 ዲግሪ ሙቀትም ተመዝግቦባታል፤ በባሕር በተከበበው ደቡብ እንዲህ ያለ ክፍተት አይገኝም። የመላዋ መሬት አማካይ ሙቀት ከዓመቱ ከፍ የሚለውም ከፀሐይ በምንርቅበት በሐምሌ ነው፤ ያን ጊዜ የሰሜኑ ሰፊ የብስ ስለሚግል።

መልስ፦ በረዶ ግግር

ከላይ የተባለው በአብዛኛው ትክክል ቢሆንም፣ አንታርክቲካን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። በዋልታዎቹ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ የሰሜን ዋልታ በረዶ የሸፈነው ባሕር ሲሆን፣ የደቡብ ዋልታ ግን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው በግግር በረዶ የተሸፈነ የብስ ነው። በዚያው አህጉር በሚገኘው የቮስቶክ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1983፣ በሐምሌ ወር፣ ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ተመዝግቧል። መሬት ያን ጊዜ ከፀሐይ ርቃ የነበረች መሆኗን በምክንያትነት የሚጠቅሱ አሉ፤ ይሁንና ከከፍታው፣ ጨረርን ከሚመልሰው ነጭ ገጽና ከወራት ጨለማ ጋር ሲነጻጸር ድርሻው ትንሽ ነው።

አድማስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ብቻ ልጨምር፦ ወደ ፀሐይ የምንቀርብበት ጊዜ ምንጊዜም በታኅሣሥ ይውላል?

የምህዋር ወዳጅ

አይውልም። ዛቢያው ፍጥነቱ እንደቀነሰ እንዝርት ቀስ እያለ ይዋልላል፤ ምህዋሩ ራሱም ይዞራል። ሁለቱ ተደምረው በ21 ሺህ ዓመታት ገደማ አንድ ዙር ስለሚሞሉ፣ ከ10 ሺህ ዓመታት ገደማ በኋላ መሬት ወደ ፀሐይ የምትቀርበው በሰሜኑ ሞቃት ወቅት ይሆናል። ያን ጊዜ ተጨማሪው ኃይል የሚያርፈው ብዙ የብስ ባለበት ንፍቀ ክበብ ላይ ስለሆነ፣ የሰሜኑ ሙቀትና ቅዝቃዜ ከዛሬው ይልቅ ይራራቃሉ። ይህ ከዛሬ 10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊትም ደርሶ ነበር፤ የሰሜን አፍሪካ የብስ አብዝቶ በመጋሉ ከባሕር የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ወደ ሰሜን ርቆ ይዘልቅ ስለነበር፣ ዛሬ ሰሃራ በረሃ በሆነው ሰፊ ምድር ላይ ሣርና ሐይቆች ነበሩ።