ሪቮልቨርን የሳለው ሰውዬ ቤዝም ይጫወታል እንዴ?

ባለአራት ክር፦
ሰላም ልጆች። እኔ ቀን ቀን ሎጎና ባነር እሠራለሁ፣ ማታ ቤዝ ጊታር እነካካለሁ። ትናንት የእንግሊዙ ባንድ የቢትልስ ሪቮልቨር የሚባለው አልበም ሽፋን ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። የሳለው ክላውስ ፎርማን ነው። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ "እሱማ ቤዝ ተጫዋች ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ሁለት ሰው ናቸው ወይስ አንድ? አንድ ከሆነስ እንጀራው የቱ ነበር?

የሸክላ ወዳጅ፦
አንድ ነው። በርሊን የተወለደ ጀርመናዊ፣ ሃምቡርግ ግራፊክ የተማረ። በ1960 (በፈረንጆቹ) እዚያው ሃምቡርግ ካይዘርኬለር የሚባል ክለብ ሲገባ ገና ስም ያላወጡትን ቢትልስ ሰማ። የሠራውን የሸክላ ሽፋን ለባንዱ ጆን ሌነን ቢያሳየው፣ ሌነን ወደ ስቱዋርት ሰትክሊፍ መራው፤ የባንዱ ሠዓሊ ሰትክሊፍ ነዋ። ያኔ የባንዱ ቤዝ ተጫዋችም እሱው ሰትክሊፍ ነበር፣ ግጥምጥሞሹን ተመልከት!
ሪቮልቨር የ1966 ነው። ቀለም የለ፣ ምን የለ፤ በብዕርና በጥቁር ቀለም የተሳሉ አራት ፊቶች፣ ጸጉራቸው መሀል የተሰገሰጉ ቁርጥራጭ ፎቶዎች። ለፎርማን የግራሚ ሽልማት አስገኝቶለታል። በዚያው ዓመት ነው እንግዲህ ማንፍሬድ ማን የሚባል ባንድ ውስጥ ቤዝ ይዞ የገባው፣ እስከ 1969 እዚያው ነበር።

ሰሚ ጆሮ፦
ሽፋኑን ሁሉም ያወራል፣ ቤዙን ማንም አያነሳም፣ ያናድደኛል። የዘፋኟ ካርሊ ሳይመን "ዩር ሶ ቬይን" ዘፈን መጀመሪያ ላይ ድድድ የምትለው ቤዝ የማን መሰለችህ? የሌነን "ኢማጅን" ላይም እሱ ነው። በ1971 የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን ለባንግላዴሽ ባዘጋጀው ኮንሰርትም መድረክ ላይ ነበር። እኔን ብትጠይቀኝ በመጀመሪያ ቤዝ ተጫዋች ነው።

የሸክላ ወዳጅ፦
ኧረ ተው! በ1995 አንቶሎጂ የሚባለው የቢትልስ አልበም ሲወጣ ለሽፋኑ የተጠራው ማን ሆነና? ብሩሹን መቼም አልጣለም።

ጨዋታ ጀማሪ፦
የኩዊን ባንድ ዘፋኝ ፍሬዲ ሜርኩሪም እኮ ለንደን ኢሊንግ ኮሌጅ ግራፊክ ነው የተማረው። የኩዊን አርማ የእጁ ሥራ ነው፤ አንበሶቹም ሸርጣኑም የአባላቱ ኮከብ ናቸው።

ሰሚ ጆሮ፦
ፍሬዲን ግን ዘፈኑ ዋጠው። ፎርማን ሁለቱንም ይዞ ነው የዘለቀው፣ ልዩነቱ እሱ ነው።

ባለአራት ክር፦
በቃ ያቺን ድድድ ዛሬ ማታ ልሞክራት። ጠዋት የማስረክበው ባነር ነበር እንጂ... ደንበኛው ሎጎዋን ለአራተኛ ጊዜ "ትንሽ ተለቅ አድርጋት" ብሎኛል።