የ1965ቱ የወሎ ረሀብ በመንግሥት «ሰው ሠራሽ» ይባል? ክርክር

አወያይ፦ የቀረበው ረቂቅ ይህን ይላል፦ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የፈጀው ረሀብ «ድርቅ» ብቻ ተብሎ እንዳይቀር፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰው ሠራሽ መሆኑን በይፋ ይወቅ፤ ደሴ ላይ መታሰቢያ ይቁም፤ የዘመኑ መዛግብት ይከፈቱ። ደጋፊም ተቃዋሚም ማስረጃውን ይዞ ይምጣ። ስድብ ይሰረዛል።

የጦሳ ልጅ፦ ደጋፊ ነኝ። ዝናብ መቅረቱን የካደ የለም። የ64ቱ ክረምት አጠረ፣ የ65ቱ በልግ ከሸፈ፤ ራያና ቆቦ፣ የጁ፣ አምባሰል፣ ቃሉ፣ አውሳ ተመቱ። ግን የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከወትሮው የቀነሰው በ7 በመቶ ግድም ነው፤ ደሴ ገበያ ላይም የእህል ዋጋ እንደሚገመተው አልናረም። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ወሎን ማሳያ ያደረገው ለዚህ ነው። ገበሬው ያለቀው አገሪቱ እህል ስላጣች ሳይሆን መግዣ ስላጣ ነው። ማሳው የደረቀበት ጭሰኛ የሚሸጠው ከብቱን ነው፤ ሁሉም በአንድ ሰሞን ከብት ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ በሬ የሌለው ጭሰኛ ደግሞ ዝናብ ቢመለስም አያርስም። ያኔም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይጫን ነበር! በ1965 መጀመሪያ ወራት 1,000 የሚሆኑ የወሎ ስደተኞች አዲስ አበባ ደርሰው ቀይ መስቀል ሲረዳቸው ነበር፤ ስለዚህ «አልሰማንም» የሚል ሹም ሊኖር አይችልም።

ባቲ ሰኞ፦ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፤ መደምደሚያህ ግን አይከተልም። መደበቅ ወንጀል ነው፣ ቸልታም ወንጀል ነው፤ ሆን ብሎ ማስራብ ግን ሌላ ነው። ረቂቁ ሦስቱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ «ሰው ሠራሽ» ይላል። ደግሞም ይህን ዕውቅና ደርግ አስቀድሞ ሰጥቶታል። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት የእንግሊዙን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሀብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ቀጣጥሎ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በነጋታው ንጉሡን አወረደ። ኅዳር 14 ቀን 60 ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ ተጠያቂ ይሆኑ የነበሩት ባለሥልጣናት ግን ፍርድ ቤት ቆመው መልስ ሳይሰጡ ተቀበሩ። አሁን ያንኑ ዶሴ አንሥቶ በምክር ቤት ማጽደቅ የደርግን ፍርድ ማጽደቅ አይሆንም ወይ?

የጦሳ ልጅ፦ ደርግ እውነትን ለሥልጣን ተጠቀመበት ማለት እውነቱ ሐሰት ሆነ ማለት ነው እንዴ? የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከፊልሙ በፊት፣ ገና በ1965፣ ወሎ ደርሰው ፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰዋል። ደርግን የሚጠቅስ አንድ መስመር ሳያስገቡ አቤቱታውን መጻፍ ይቻላል።

የሕግ ነገር፦ መንገዱን ሳናይ አንጣላ። አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 መብት ነው፤ አቤቱታ ግን በራሱ አጀንዳ አይሆንም፤ የሚያነሣው የምክር ቤት አባል ወይም ቋሚ ኮሚቴ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ነገር የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ሺህ ፊርማ ይሰበሰባል፣ ለጽሕፈት ቤት ገቢ ይሆናል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በዚያው ያድራል። ስለዚህ ከፊርማው በፊት አንድ የወሎ ተመራጭ ይያዝ።

ቀጥሎ፣ አዋጅ አትጠይቁ። አዋጅ በአንቀጽ 57 ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ይሄዳል፣ መብትና ግዴታም ይፈጥራል፤ በጀት የሚይዘው ወገን «ካሳ ሊከተል ነው» ብሎ ገና በረቂቁ ይገታዋል። የውሳኔ ሐሳብ ጠይቁ። በረቂቁ ያለው «ዘር ማጥፋት» የሚለው ቃልም ይውጣ። የዩክሬን ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2006 የ1932–33ቱን ረሀብ እንዲያ ብሎ ሲያውቅ፣ እህል የመውረሻ ትእዛዝና ገበሬው ከቀየው እንዳይወጣ የከለከለ መመሪያ በወረቀት ነበር፤ ያም ሆኖ ክርክሩ አላበቃም። የኛም አንቀጽ 28 በይርጋ አይታገዱም ብሎ በስም የጠራቸው ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰው መሰወርና ማሰቃየት ናቸው። ማስራብ በስም አልተጠራም።

ቆቦ በር፦ ለምን 65 ብቻ? የሰባ ሰባቱ (የ1977 ዓ.ም.) ረሀብ የት ሄደ? ሆን ተብሎ ከተባለ የተሻለ ማስረጃ ያለው 77 ነው። የመንግሥቱ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ የእህል ኮታ ይሰበስብ ነበር፤ ነጋዴው እህል ከትርፍ አካባቢ ወደ ጎደለበት እንዳያሻግር በኬላ ይያዛል፤ በጦርነቱ ገበያ በአውሮፕላን ይደበደባል። መስከረም ላይ አሥረኛው የአብዮት በዓል ተከበረ፣ የኮረም ረሀብተኞች ምስል ለዓለም የታየው ጥቅምት 13 ነው። ከዚያ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሠፈራ ተወሰደ፤ ብዙው በግድ። በ1999 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናት በዘር ማጥፋት ሲፈረድባቸው ፍርዱ የቆመው በፖለቲካ ቡድኖች ላይ በተፈጸመው ግድያ ነው፤ የሰባ ሰባቱ ረሀብ በፍርድ አልታየም።

ባቲ ሰኞ፦ አሁን ገና ወደ ነገሩ መጣን። ሁለቱን አንድ አቤቱታ ውስጥ አታስገቡ ግን። የ65ቱ ጥፋት መረጃ ማፈንና አለመርዳት ነው፣ የ77ቱ ኮታ፣ ኬላና ጦርነት። አንድ ላይ ከተጻፉ የአንዱ ደካማ ማስረጃ ሌላውን ይዞት ይወድቃል።

አውሳ ዳር፦ ሁላችሁም ስለ ገበሬ ነው የምታወሩት። በአውሳ ያለቀው አፋር አርብቶ አደር ነው፤ እሱን የመታው ደግሞ ዝናብ ብቻ አይደለም። ተንዳሆ ላይ የጥጥ እርሻ በአዋሽ ዳር ያለውን መሬት ወሰደ፤ ያ መሬት በበጋ ከብት የሚያርፍበት ግጦሽ ነበር። በደህና ዓመት ጉዳቱ አይታይም። ድርቅ ሲመጣ ግን መሸሻ የለም፤ ከብቱ ያልቃል፤ የተረፈውን ሸጦ የሚገዛው እህልም እያነሰ ይሄዳል። ይህ ካልገባ ረቂቁ «የወሎ» መባሉ ቀርቶ «የደጋው» ይባል።

የሕግ ነገር፦ አውሳ ዳር ያነሡት ሌላ ችግርም ያመጣል። ያኔ ወሎ የነበረው አውሳ ዛሬ አፋር ክልል ነው፤ ኮረምና አላማጣ የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸው ናቸው። የዛሬ ዞንና ወረዳ ስም ከጻፋችሁ ክርክሩ የወሰን ክርክር ሆኖ ያልቃል። በዘመኑ የአውራጃ ስም ብቻ ጻፉ፦ ራያና ቆቦ፣ የጁ፣ አውሳ እያላችሁ።

የጦሳ ልጅ፦ የሟች ቁጥርስ? ረቂቁ 200,000 ይላል።

ባቲ ሰኞ፦ ይውጣ። ግምቶቹ ከ40,000 እስከ 200,000 ናቸው። አገሪቱ የመጀመሪያውን የሕዝብ ቆጠራ ያካሄደችው በ1976 ነው፤ ከረሀቡ በፊት ስንት ሰው እንደነበር የተቆጠረ ነገር የለም፤ ስለዚህ አንዱን ቁጥር መርጦ የሚያጸና የለም። አንድ ቁጥር ስትጽፍ ኮሚቴው ውይይቱን ሁሉ እዚያ ላይ ያደርገዋል። «በአሥር ሺዎች» ይበቃል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ምስክር ነው፤ ያኔ 20 ዓመት የነበረው ዛሬ ከ70 አልፏል። የዘመኑ ዶሴ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብት) ውስጥ ሊጠብቅ ይችላል፣ ሽማግሌ አይጠብቅም። መጀመሪያ የምስክር ቃል ይሰብሰብ፦ በድምፅ፣ ቀበሌው፣ አውራጃውና ወሩ ተመዝግቦ፤ «እህል መቼ ጠፋ» ብቻ ሳይሆን «በሬ በስንት ተሸጠ፣ ለባለርስቱ ምን ተከፈለ፣ መጠለያ መቼ ተከፈተ» ተብሎ ተጠይቆ። ያ ከተያዘ እፈርማለሁ። አሁን ባለው ረቂቅ ላይ አልፈርምም።

አውሳ ዳር፦ በአፋርኛም ይሰብሰብ። በአስተርጓሚ የተሰበሰበ ቃል ኋላ ያጣላል።

አወያይ፦ «ዘር ማጥፋት» እና 200,000 ከረቂቁ ወጥተዋል። ተንዳሆ ገብቷል። 77 ለብቻው ይረቀቅ የሚለው ላይ ቆቦ በር መልስ አልሰጠህም።

ቆቦ በር፦ አልተስማማሁም። ለይታችሁ ካቀረባችሁት መጀመሪያ 77 ይግባ፤ 65 ይከተል።