ታካያሱ ፕሬድኒሶሎን ሲቀነስ እያገረሸ አስቸገረን፤ ቀጣዩ መድኃኒት የቱ ይሁን?

እህቴ 27 ዓመቷ ነው፤ የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። ከ14 ወር በፊት በሲቲ አንጂዮግራፊ (የደም ቧንቧ ምስል) ታካያሱ አርተራይተስ ተገኘባት፤ ትላልቅ የደም ቧንቧዎችን እያስቆጣ የሚያጠብ በሽታ ነው። የግራ እጇ የልብ ምት አይዳሰስም፤ ፀጉሯን ስታበጥር ክንዷ ወዲያው ይዝላል። ግፊቷ በግራ 80፣ በቀኝ 135 ስለሚያሳይ የምንመዘግበው የቀኙን ብቻ ነው።

በቀን 50 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን (ቁጣውን የሚያበርድ ስቴሮይድ) ጀመረች፤ ቀጥሎ ሜቶትሬክሴት (የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት) በሳምንት 20 ሚሊግራም ከፎሊክ አሲድ ጋር ተጨመረላት። ፕሬድኒሶሎኑን ቀስ በቀስ ቀንሰን 10 ላይ ስንደርስ ሁለት ጊዜ አገረሸባት፦ ትኩሳት፣ የአንገት ሕመም፣ ኢኤስአር (በሰውነት ውስጥ ቁጣ መኖሩን የሚጠቁም የደም ምርመራ) ከ18 ወደ 74። አሁን ወደ 30 ሚሊግራም ተመልሳለች፤ ፊቷም አብጧል። ኢኤስአር ደህና ሆኖም ቧንቧው ሊጠብ ስለሚችል አንጂዮግራፊው በቅርቡ ይደገማል።

ቶሲሊዙማብ (ቁጣውን የሚገታ መርፌ) ታዞላት ከፒያሳ እስከ ተክለ ሃይማኖት ፋርማሲዎቹን ብንጠይቅም አጣነው። ቢገኝም አስቀድሞ የቲቢ ምርመራ ያስፈልጋል። አዛታዮፕሪን (ይህም የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ነው) ግን አለ። በዚያ ላይ መውለድ ትፈልጋለች፤ ሜቶትሬክሴት ደግሞ ፅንስ ስለሚጎዳ ከእርግዝና በፊት መቆም አለበት።

ይህን በሽታ የምታክሙ ሐኪሞች፣ አሁኑኑ ወደ አዛታዮፕሪን ቀይራ ፕሬድኒሶሎኑን ከበፊቱ በዝግታ ብትቀንስ ይሻላል ወይስ ቶሲሊዙማብ ከውጭ እስኪመጣ ድረስ ባለችበት ትቆይ?