ክርክር፦ ሰው ያለቀበትን የኮረብታ መንደር የሚያድነው የ1 ዩሮ ቤት ነው ወይስ ስደተኛ?

መነሻ፦ የደቡብ ጣሊያን የኮረብታ መንደሮች ነዋሪ እያጡ ነው። የካላብሪያዋ ሪያቼ ከ1998 ጀምሮ ስደተኞችን በባዶ ቤቶቿ አስገባች፤ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ነበሩባት። በሲሲሊ እነ ሳምቡካና ሙሶሜሊ ደግሞ ቤት ከ1 ዩሮ ጀምሮ ሸጡ። የቱ ያዋጣል? ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

አናጢው፦ የ1 ዩሮው ያዋጣል፣ ግን ቁጥሩ አያታልላችሁ። ሙሶሜሊ ላይ ገዢው 5,000 ዩሮ ያስይዛል፤ በ3 ዓመት አድሶ ካልጨረሰ ቀረበት። የኖታዮ (የውል አዋዋዩ) ክፍያ ለብቻው። ግንቡ አሮጌ ድንጋይ ነው። ክዳኑ ሲያፈስ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው የወራጅ እንጨት ጫፍ ስለሆነ መሐሉ ጤነኛ ይመስላል። ከመፈረም በፊት ጫፉን በመሮ መውጋት ነው። ልስኑም ኖራ ይሁን፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ፍርስራሹ በጋሪ ወይ በሸክም ይወጣል፣ የጉልበቱን ዋጋ የሚያንረው እሱ ነው። ቢሆንም ገዢው የሚያወጣው የራሱን ነው። ሪያቼ የኖረችው በሮም መንግሥት ኪስ ነው።

ቤቲ፦ ነሐሴ ላይ ብቻ ብቅ የሚል ጡረተኛ ትምህርት ቤት ያስከፍታል? በተራራ ኮሙኔ (ማዘጋጃ ቤት) አንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል ለማቋቋም ቢያንስ 10 ልጅ ያስፈልጋል፤ የተለያየ ክፍል ልጆችን አንድ ላይ ለማስተማርም 8። ሁለት ቤተሰብ ከለቀቀ ክፍሉ ይዘጋል፣ የቀሩትም ይከተላሉ። ሪያቼ ትምህርት ቤቷን ያስከፈቱላት የስደተኞቹ ልጆች ናቸው።

ሒሳብ ሹሙ፦ ቤቲ፣ ልክ ነሽ፤ ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነው። በሪያቼ ጊዜ መንግሥት በሰው በቀን 35 ዩሮ ገደማ ይመድብ ነበር። ብዙ ሰው እንደሚያወራው ሙሉው ለስደተኛው በእጁ አይሰጥም፤ ኪራይ፣ ምግብ፣ የቋንቋ ትምህርትና የሠራተኛ ደመወዝ ከዚያው ይወጣል። ገንዘቡ ደግሞ ወራት ይዘገያል። የሪያቼ የያኔው ከንቲባ ዶሜኒኮ ሉካኖ ያገኙት መላ ኩፖን ነበር፦ የጋንዲና የማርቲን ሉተር ኪንግ ምስል ያለበት ወረቀት። ስደተኛው ይገዛበታል፣ ባለሱቁ ያጠራቅመዋል፣ የሮም ገንዘብ ሲገባ በዩሮ ይመነዘርለታል። ብልሃት ነው፤ ግን አበዳሪው ባለሱቁ ነው። ክፍያው ከተቋረጠ ዕዳው እሱ ላይ ይቀራል።

ቤቲ፦ የተቋረጠበትንስ ምክንያት? የመንግሥት የስደተኛ መቀበያ ፕሮግራም ሰውን የሚያቆየው በመሠረቱ 6 ወር ነው። በ6 ወር ቋንቋ እንኳ አይያዝም፣ ሥራማ የት ተገኝቶ! ሉካኖ ጊዜያቸው ያለፈባቸውን አላስወጡም፤ ጣጣው አንዱ ከዚያ መጣ። በ2018 ታሰሩ፣ በ2021 በሎክሪ ፍርድ ቤት 13 ዓመት ከ2 ወር ተፈረደባቸው፣ በ2023 ይግባኝ ሰሚው ወደ 1 ዓመት ከ6 ወር በገደብ አወረደው። በ2024 ሕዝቡ መልሶ መረጣቸው።

አናጢው፦ ፍርዱ መቅለሉ ሒሳቡን አያስተካክለውም። የሪያቼ የሽመናና የመስታወት ሥራ ቤቶችም ደመወዝ ከዚያው ፕሮጀክት ነበር። በ2018 መንደሯ ከፕሮግራሙ ስትሰረዝ ስንቱ ሥራ ቆመ?

እንግዳ፦ ሁለቱንም አብሮ ማስኬድ አይቻልም?

ሒሳብ ሹሙ፦ ይቻላል፣ ግን ሽያጩን የሚያንቀው ውርስ ነው። የአንድ ቤት ወራሾች አርጀንቲና፣ ካናዳና ቶሪኖ ተበትነው ይገኛሉ፤ አንዱ አልፈርምም ካለ ሙሉው ቤት አይሸጥም። በነፃ ማዋስ ይቀላል፤ ሪያቼም የጀመረችው ባለቤቶቹ ባዋሷት ቤት ነው። ኮሞዳቶ የሚሉት ውል ነው። እሱ ላይ የመመለሻው ቀንና የጥገናውን ወጪ የሚሸከመው ወገን በጽሑፍ ይስፈሩ። ቀን ያልተቆረጠለትን ቤት ባለቤቱ በፈለገ ሰዓት ልቀቁ ማለት ይችላል፣ አዲሱ ጣሪያ ከወጣ ማግስትም ቢሆን።