ሩማቶይድና ሉፐስ ላለበት ሰው ዓይን የት ይታያል? የትኛው ጠብታስ ይሻላል?

ጥያቄ፦ እናቴ ሩማቶይድ (መገጣጠሚያን የሚያስቆጣ ሕመም) አለባት፤ አሁን ደግሞ ሐኪሟ የሉፐስም (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት ሕመም) ምልክት አይቶ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባል ኪኒን ጨመረላት። ዓይኗ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራታል፣ አልፎ አልፎም ይቀላል። አዲስ አበባ ውስጥ የት ላሳያት? ጠብታስ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። አሸዋ እንደገባበት የሚቆረቁራቸውን ድርቀትና ቅላቱን ለያይተሽ እዪው።

ቅላቱ ከሕመም፣ ብርሃን ከመጥላት ወይም ከእይታ መደብዘዝ ጋር ከመጣ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ይያቸው። ሩማቶይድ የዓይንን ነጭ ክፍል ራሱን ያስቆጣል፤ ሕመሙ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። በጠብታ ብቻ አይመለስም፣ የሚዋጠው መድኃኒትም መስተካከል ሊኖርበት ስለሚችል የመገጣጠሚያ ሐኪማቸው ይወቅ።

መነጽር ቤት ቅርብ ነው፣ ወረፋም የለውም፣ ግን ለዚህ አይሆንም። የግል የዓይን ክሊኒክ ፈጣን ነው፤ መጀመሪያ ደውለሽ «ስሊት ላምፕ፣ ኦሲቲና የእይታ ስፋት ምርመራ አላችሁ?» በያቸው፤ ስሊት ላምፕ ዓይንን አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው፣ ኦሲቲ ደግሞ የሬቲናን (ከዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ንብርብር የሚያሳይ ምርመራ። ስሊት ላምፕ ብቻ ካላቸው ለቅላቱ ይበቃሉ፣ ለሃይድሮክሲክሎሮኪን ክትትል ግን አይበቁም። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ወረፋው ያማርራል፤ ሆኖም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል ያለው እዚያ ስለሆነ ውስብስብ ነገር ሲሆን እኔ እሱን እመርጣለሁ። የመገጣጠሚያ ክትትላቸው ጥቁር አንበሳ ከሆነ ሪፈር አጽፊ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ።

ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሲበዛ ሬቲናን ይጎዳል፣ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም። ልኩ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ5 ሚሊግራም አይለፍ። 60 ኪሎ ከሆኑ 300 ሚሊግራም ነው፤ ባለ 200 ፍሬ ከሆነ አንድ ቀን አንድ፣ በማግስቱ ሁለት ማለት ነው። ልኩን ግን ሐኪሙ ይቁረጠው። የመጀመሪያው የዓይን ምርመራ በጀመሩበት ዓመት ውስጥ ይሁን፤ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ። ኩላሊት ካመማቸው ቀደም ይላል።

ለድርቀቱ ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ ወይም ሃይፕሮሜሎስ ያለበት ሰው ሠራሽ እንባ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ለብራንዱ ብዙ አትጨነቂ። መጀመሪያ የከተማውን ከነማ ፋርማሲ ጠይቂ፣ ካጣሽ ቀይ መስቀል ፋርማሲ። በጠርሙስ ያለው አብዛኛውን ጊዜ መከላከያ ኬሚካል አለው፤ በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ መከላከያ የሌለውን፣ በነጠላ የታሸገውን ግዢ። ይወደዳል፣ ግን ዓይን አያቃጥልም። ጠርሙሱን ስትከፍቺ ቀኑን ጻፊበት፤ ከወር በላይ አታቆዪው።

ፋርማሲው «ለቅላት ፍቱን ነው» ብሎ ዴክሳሜታሶን ወይም ቤታሜታሶን ከሰጠሽ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትቀበዪ። ቅላቱን ቶሎ ያጠፋዋል፣ ሲቆይ ግን የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል።

እና አንድ ነገር፦ አፋቸውም ደርቆ ዳቦ ያለ ውሃ አልወርድ ካላቸው ለሐኪሙ ንገሪው፤ ሾግረን የሚባለው ዓይንና አፍን የሚያደርቅ ሕመም ከሩማቶይድም ከሉፐስም ጋር ይደረባል። ለእሱ በታችኛው የዓይን ሽፋን ላይ ቀጭን ወረቀት ለ5 ደቂቃ አንጠልጥለው እንባውን ይለካሉ፤ ከ5 ሚሊሜትር በታች ከረጠበ በጣም ደርቋል።

ሌላ መልስ፦ ከላይ በተባለው እስማማለሁ። የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ትንሽ ልጅ ያላችሁ ግን ቅላት አትጠብቁ፤ ልጆች ላይ ዓይኑ ነጭ እንደሆነ፣ ሳያመው ውስጡ ይቆጣል። ኤኤንኤ የሚባለው የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ከሆነ በየ3 ወሩ በስሊት ላምፕ ይታይ፣ ልጁ «ደህና ነኝ» ቢልም።