አይሶፖዶቹ እስስቷ ሳጥን ውስጥ እየሞቱብን ነው፤ ምን ጎደለ?

ጠያቂ፦ መምህርት ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ ክበብ አስተባባሪ ነኝ። ተማሪዎች ግቢው አጥር ላይ እስስት አግኝተው ቤተ ሙከራ ባለው ትልቅ የመስታወት ሳጥን ውስጥ አኖርናት። ቅርንጫፍም ተክልም አላት። ችግሩ ወለሉ ነው። ኩሷ ይጠራቀማል፣ አፈሩ ይሸታል፣ ነጭ ሻጋታ ያወጣል።

ባዮአክቲቭ ስለሚባለው አሠራር አነበብን። አፈሩ ላይ አይሶፖድ ይለቀቃል፤ ኩሱንና የበሰበሰውን ቅጠል እየበላ ያጸዳል። ድንጋይ ሲገለበጥ የሚሯሯጡት፣ አንዳንዶቹም ሲነኳቸው የሚጠቀለሉት ግራጫዎቹ ናቸው። ከበሬሳ ዳር ሰብስበን ጨመርን። ሳምንት ሳይሞላ አብዛኞቹ ሞቱ። አፈሩ የግቢያችን መረሬ ነው፤ ውሃ በየቀኑ እንረጫለን። ምን ይሆን የጎደለው? እስስቷንስ አይጎዷትም?

የጠባሴ ልጅ

መምህርት፣ እኔ አፈሩን ነው የምጠረጥረው። መረሬ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አየር የለውም። አይሶፖድ ደግሞ የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመድ ነው። የሚተነፍሰው ሆዱ ስር ባሉ እርጥበት በሚፈልጉ አካላት ነው። ከደረቀበት ይሞታል፣ ውሃ ከተኛበትም ይታፈናል።

ከታች ጠጠር አድርጉ። ከላዩ ስስ ጨርቅ ወይም ወንፊት፣ ከዚያ አፈር፣ አሸዋና የበሰበሰ ቅጠል ተቀላቅሎ። ጥቂት የተሰባበረ ከሰልም አይከፋም። ሁሉንም ቦታ አትርጩ። አንዱን ጥግ ብቻ አርጥቡና ሌላውን ደረቅ ተዉት፤ የሚስማማቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ።

ጋሼ፣ ከአንኮበር (ጡረተኛ የግብርና ባለሙያ)

ልጄ፣ አፈሩም ቢሆን እውነት ነው። ግን አፈር በሳምንት ይህን ያህል አይጨርስም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ክፍሉ ውስጥ ፍሊት ይነፋል?

መምህርት

ጋሼ፣ ጥበቃው ቅዳሜ ቅዳሜ ለቁንጫ ይነፋል! ሳጥኑ ላይ ግን አልነፋም ይላል።

ጋሼ፣ ከአንኮበር

በቃ፣ ተገኘ። ፍሊት በአየር ይሄዳል፤ ለመግደል የግድ ሳጥኑ ላይ መነፋት አያስፈልገውም። ነፍሳት የሚገድል መድኃኒት አይሶፖድንም ይገድላል። እስስቷም መድኃኒት የነካው ፌንጣ እየበላች ይሆናል። መጀመሪያ ይኼ ይቁም። ያንን አፈር አውጥታችሁ ጣሉት፣ ሳጥኑን በውሃ ብቻ እጠቡት። አዲሱንም አፈር የስንዴ ማሳ ዳር እንዳትቆፍሩ፤ እዚያም ይረጫል።

ቅጠል ላይም እንዳትሳሳቱ። በእጃችሁ የሚበዛው ባሕር ዛፍ ነው፣ እሱ ግን ዘይት አለው፤ ተዉት። ጥድም ሙጫ አለው። ኮሶም ቢቀር ይሻላል፤ ትል ማስወጫ ዛፍ እዚያ ምን ያደርጋል? እኔ ብሆን በራሱ ጊዜ የረገፈ የወይራ ቅጠል እወስዳለሁ። ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሰው ካላችሁ ዋንዛና ሾላ ያምጣላችሁ። ከወፍ ዋሻ ደን ግን ቅጠልም አፈርም አትዛቁ።

ባዮሎጂ ተመራቂ፣ ሸዋ ሮቢት

እስስቷን ይጎዷታል ወይ ለሚለው ማንም አልመለሰም። አይሶፖድ በብዛት የሚበላው የሞተና የበሰበሰ ነገር ነው። ትላልቆቹ ዝርያዎች ግን ሲርባቸው ቆዳውን የሚቀይር ወይም የታመመ እንስሳ ሊነክሱ ይችላሉ። እስስት ቅርንጫፍ ላይ ስለምትውል አደጋው ትንሽ ነው። መሬት ለመሬት ለሚኖር እንሽላሊት ቢሆን ኖሮ ትንንሾቹን ዝርያዎች ብቻ ነበር የምመክረው። ቅጠል አይጉደልባቸው። አልፎ አልፎ ቁራሽ ካሮት ወይም ዱባ፣ ከደረቀ ዓሣ ደግሞ ቁንጥር ጣል አድርጉ። እሷ አይሶፖዱን ብትበላው ችግር የለም፤ ቅርፊቱ ካልሲየም አለው።

ትልቁ ምክሬ ግን ይኼ ነው፦ ከበሬሳ ዳር የለቀማችሁትን ቀጥታ እሷ ጋ አታስገቡ። ጥገኛ ተውሳክ ሊያመጡ ይችላሉ። ክዳኑ በተበሳሳ የፕላስቲክ ዕቃ ለብቻ አርቡ። ሴቷ እንቁላሏን ሆዷ ስር ባለ ከረጢት ተሸክማ ትቆያለች፣ ከዚያ ነጫጭ ትንንሽ ልጆች ይወጣሉ። እነሱን ነው ወደ ሳጥኑ የምታዛውሩት። ወራት ይፈጃል። በተለይ እናንተ ጋ፣ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ መራባቱ ይቀንሳል። አምፖል ካበራችሁ በአንድ በኩል ብቻ ይሁን፤ አምፖል አፈር ያደርቃል።

ለሻጋታው ሌላ ረዳት አለ፦ ስፕሪንግቴይል። በስባሽ ቅጠል ስር የሚዘሉት ነጫጭ ደቃቆች ናቸው። ሻጋታ ይበላሉ።

አረርቲ

ሁላችሁም ስለ ወለሉ ታወራላችሁ። እስስቷስ? የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ አለ። ለትምህርት ነው ብሎ ዝም ማለት አይቻልም፤ ፈቃድ ጠይቁ። ካልሆነ ወደ አጥሯ ትመለስ።

የጠባሴ ልጅ

እዚህ ላይ አረርቲ ልክ ነው። ለተማሪ ደግሞ አይሶፖዱ ብቻውን ጥሩ ትምህርት ነው። ቆዳውን ሲቀይር መጀመሪያ የኋላውን ግማሽ፣ ቀጥሎ የፊቱን ይጥላል። ግማሹ ነጭ ሆኖ ስታዩት ታምሟል ብላችሁ እንዳትጥሉት!

መምህርት

በጣም አመሰግናለሁ። ፍሊቱ ከዛሬ ጀምሮ ቆሟል፤ ጥበቃውም እስስት ካለችበት ክፍል መግባት ይፈራ ስለነበር ደስ ብሎታል። ፈቃዱን ርዕሰ መምህሩ ይጠይቃሉ፤ እስከዚያ እሷን ወደ አጥሯ እንመልሳታለን። በሳጥኑ አይሶፖድ እናረባለን። አንድ የቀረኝ፦ ኩሱን ጨርሶ አንነካም ማለት ነው?

ባዮሎጂ ተመራቂ፣ ሸዋ ሮቢት

ኧረ አይደለም! ፈቃድ አግኝታችሁ እሷ ወደ ሳጥኑ ብትመለስም ትልልቁን በእጅ ታነሳላችሁ። አይሶፖዶቹ ትርፍራፊውን ነው የሚጨርሱት። መስታወቱንና የውሃ ዕቃውን አያጥቡላችሁም።

ጋሼ፣ ከአንኮበር

የእንቁላል ቅርፊትም ጨምሪበት ልጄ፣ ለቅርፊታቸው ይጠቅማል። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ደቀቅ ብሎ። ደረቁ ጥግ ላይ አድርጊው።